ያልጻፍነውን ቃል የሚጽፍልን ስልክ

የሐረር ጁገልን የሚያውቅ ሰው ጊደር መጋላን ያውቃል። ከፈረስ መጋላ ተነስቶ የልብስ ስፌት መኪናዎች በሚንጣጡበት ማኪና ግርግር ቁልቁል የወረደ ሁሉ መድረሻው ይኸው ትልቅ ገበያ ነው። እዚያ ሥጋ የገዛ ሰው ዘንቢሉን ሳይሸፍን አይራመድም። ከላይ የሚያንዣብቡት ጭልፊቶች መውረዳቸው የሚታወቀው ሥጋው ከእጅ ከወጣ በኋላ ነውና።

ዛሬ ላጫውትዎ ያሰብኩት ግን ስለ ሥጋ አይደለም። ከእጃችን ላይ ሳናውቀው ስለሚነጠቅ ቃል ነው።

ከታካሚዎቼ አንዷ በዚሁ ገበያ ቅመም የሚሸጡ፣ ዕድሜያቸው ከ60 ያለፈ እናት ናቸው። የስኳር ሕመም ካገኛቸው ዓመታት ተቆጥረዋል። ግሊቤንክላማይድ የተባለውን መድኃኒት ጠዋት ጠዋት አንድ ኪኒን ይወስዱ ነበር። አንድ ቀን ለክትትል መጥተው፣ ለምርመራ ደም ሰጥተው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። የላብራቶሪ ውጤቱ እኔ ዘንድ የደረሰው አመሻሽ ላይ ነው። ኩላሊታቸው እንደ ቀድሞው እየሠራ እንዳልሆነ ያሳያል። ኩላሊት ሲደክም ይህ መድኃኒት ከሰውነት ቶሎ አይወገድም፤ የደም ስኳርንም ከሚገባው በታች ሊያወርድ ይችላል። ስለዚህ በቀጣዩ ሳምንት ተመልሰው እስኪታዩ ድረስ መጠኑ በግማሽ መቀነስ ነበረበት።

ደወልኩ፤ ስልኩ አይነሳም። እርሳቸው ስለማያነቡ መልእክቱን በልጅ ልጃቸው ስልክ ላክሁ። ሌሎች ታካሚዎች በር ላይ እየጠበቁኝ ስለነበር ቸኩያለሁ። ብዙዎቻችን እንደምናደርገው አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፍኩት፦ «ከነገ ጀምሮ ጠዋት ቁርስ በልተው ግማሽ ኪኒን ይውሰዱ።» ላክሁና ስልኩን ኪሴ ከተትኩ።

በሦስተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ እኚህ እናት በመደባቸው ላይ እንደተቀመጡ ላብ አጠመቃቸው፣ እጃቸው ተንቀጠቀጠ፣ የሚናገሩትም ጠፋቸው። ጎረቤታቸው ሻይ ሻጭ ነገሩ ስለገባት ስኳር የበዛበት ሻይ ፈጥና አጠጣቻቸውና ወደ እኛ አመጧቸው። የደም ስኳራቸው በጣም ወርዶ ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዳኑ።

«ግማሽ ብዬ ጽፌ አልነበረም?» ብዬ ልጁን ጠየቅሁት። ስልኩን አውጥቶ አሳየኝ። «ግማሽ» የሚል ቃል የለም። በቦታው «ስማሽ» የሚል የእንግሊዝኛ ቃል ተቀምጧል፤ ትርጉሙም መሰባበር ማለት ነው። ስልኬ «ግማሽ»ን የተሳሳተ እንግሊዝኛ መስሎት «አርሞልኛል»። ልጁ ቃሉ ስላልገባው ዘለለውና «ቁርስ በልተሽ ኪኒንሽን ውሰጂ ብሏል» ብሎ አነበበላቸው። እርሳቸውም «ምን አዲስ ነገር አለው፣ እሱንማ እያደረግሁ ነው» ብለው እንደ ልማዳቸው ሙሉውን ዋጡ።

ጥፋቱን ሁሉ በማሽን ላይ ማላከክ አልፈልግም። ሳላነብ የላክሁት እኔ ነኝ። ሆኖም ከዚያን ቀን በኋላ ስልኬ ላይ ያለውን ይህን ነገር በሌላ ዓይን ማየት ጀመርኩ። እርስዎም እንዲያዩት ነው ዛሬ ብዕሬን ያነሳሁት።

ስልኩ ምን እያደረገ ነው?

በስልክም ሆነ በኮምፒውተር ስንጽፍ «የሚያግዙን» ነገሮች በአንድ ስም ይጠሩ እንጂ ሥራቸው የተለያየ ነው።

የመጀመሪያው ራስ አራሚው ነው። እኛ የጻፍነውን ቃል በራሱ ፈቃድ አጥፍቶ ሌላ ይተካል። አሜሪካ ውስጥ በማይክሮሶፍት ወርድ ላይ በ1990ዎቹ ሲስፋፋ ዋና ዓላማው እጅ ሲቸኩል የሚፈጠሩትን ተራ የፊደል መገለባበጦች ማስተካከል ነበር። ሁለተኛው የቃል ጥቆማው ነው። ከኪቦርዱ በላይ ባለች ጠባብ መስመር ላይ ሦስት ያህል ቃላት ይደረድርልንና «ይህን ፈልገህ ነው?» ይለናል። ሦስተኛው ገና ያልጀመርነውን ቃል ወይም ሐረግ ቀድሞ በደብዛዛ ቀለም የሚጽፍልን ነው። አራተኛው ቀይ መስመሩ ነው። ቃሉን አይነካም፤ «ይህ ስህተት ይመስለኛል» ብሎ ከሥሩ ያሰምራል።

ከአራቱ ለጤና መልእክት አደገኛው የመጀመሪያው ነው፤ ሳይጠይቅ ይለውጣልና። ትኩረት በመበተን የሚብሱት ደግሞ ሁለተኛውና ሦስተኛው ናቸው። አራተኛው ውሳኔውን ለእኛ ስለሚተው የተሻለ ጠባይ አለው።

ትኩረታችን ላይ የሚያሳድረው ጫና

የሰው አእምሮ በአንድ ጊዜ ሊይዝ የሚችለው ሐሳብ ጥቂት ነው። ደብዳቤ ሲጽፉ የሚሉትን ነገር፣ የሚልኩለትን ሰው፣ የጀመሩትን ዓረፍተ ነገር መጨረሻ በአንድነት ይዘዋል። በዚህ መካከል ስክሪኑ ላይ ሦስት ቃላት ብቅ ሲሉ ዓይንዎ ሳይወድ ወደዚያ ይሄዳል። ያነባል፣ ያመዛዝናል፣ ይቀበላል ወይም ይተዋል። ይህ ሁሉ ከአንድ ሰከንድ ላያልፍ ይችላል፤ ነገር ግን በአንድ ገጽ ውስጥ መቶ ጊዜ ይደጋገማል። ጽፈው ሲጨርሱ «ምን ልል ነበር?» የሚሉት አንዳንዴ ከዚህ የተነሳ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ የፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሥራ እዚህ ላይ ይጠቅመናል። ተመራማሪዎቹ ትኩረት የሚጠይቅ ሥራ ላይ ላሉ ሰዎች በየመሐሉ ስልካቸው ላይ ጥሪ ወይም መልእክት ይልኩ ነበር። ሰዎቹ ስልኩን አላነሱም፣ መልእክቱንም አላዩም። ሆኖም ጥሪ መድረሱን ማወቃቸው ብቻ ስህተታቸውን አብዝቶታል። የቃል ጥቆማ ደግሞ ድምፅ የሌለው፣ በየፊደሉ የሚመጣ ጥሪ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

«ቢሆንም ጊዜ ይቆጥብልኛል» ይሉ ይሆናል። በአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች ተመራማሪዎች ከ37 ሺህ በላይ ሰዎች ስልካቸው ላይ እንዴት እንደሚጽፉ መዝግበው እ.ኤ.አ. በ2019 ውጤቱን ይፋ አድርገዋል። ራስ አራሚውን የሚጠቀሙት ፈጠን ብለው ይጽፋሉ። ጥቆማዎቹን እያዩ የሚመርጡት ግን ከማይመርጡት ዘግይተው ተገኝተዋል። በጣት የሚቆጠበውን ጊዜ ዓይንና አእምሮ ይበሉታል ማለት ነው።

ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ጥናት ሰዎች ሥዕል አይተው ያዩትን እንዲገልጹ አደረገ። የቃል ጥቆማ የተሰጣቸው ሰዎች አጠር ያለና ቀድሞ ሊገመት የሚችል ነገር ጻፉ። ይህን ከሕክምና አንጻር ይመልከቱት። ታካሚ ለሐኪሙ «ሆዴን ያመኛል» ብሎ ሲጽፍና «ከእምብርቴ በስተቀኝ ዝቅ ብሎ እንደ መርፌ ይወጋኛል» ብሎ ሲጽፍ ልዩነቱ ሰፊ ነው። ሐኪሙን የትርፍ አንጀት ሊሆን ይችላል ብሎ እንዲያስብ የሚያደርገው ሁለተኛው ነው። ማሽኑ ግን ሁልጊዜ የሚያቀርብልን ብዙ ሰው የሚጽፈውን፣ የተለመደውን ነው። የእርስዎ ሕመም ደግሞ የእርስዎ ብቻ ነው።

በእኛ ቋንቋዎች ሲሆን

በጊደር መጋላ በአንድ መደብ ዙሪያ ሐረሪኛ፣ ኦሮምኛ፣ አማርኛና ሶማልኛ ሲነገር መስማት የተለመደ ነው። ሰዉም ስልኩን ሲያወጣ ቋንቋዎቹን እንደ ንግግሩ እያቀላቀለ ይጽፋል። ስልኩ ግን ብዙ ጊዜ የተሞላው በእንግሊዝኛ ነው፤ የማያውቀውን ቃል ሁሉ የተበላሸ እንግሊዝኛ ያደርገዋል። በእኔ ላይ የደረሰውም ይኸው ነው።

ኦሮምኛን ይውሰዱ። የሚጻፍበት የላቲን ፊደል ስለሆነ ከእንግሊዝኛ ጋር በቀላሉ ይጋጫል። ድምፅ ሲጠብቅ ፊደሉ ይደገማል፤ አናባቢው ሲረዝምም እንዲሁ። «ባዳ» የሚለው ቃል «ዳ» ላልታ ስትጻፍ «ክፉ» ማለት ሲሆን፣ ፊደሏ ተደግማ ስትጠብቅ «ደጋ» ማለት ነው። «ትርፍ ፊደል ተጽፏል» ብሎ አንዷን የሚያጠፋ አራሚ ደገኛውን ክፉ ያደርገዋል።

አማርኛን በራሱ ፊደል መጻፍ ከዚህ ጣጣ ብዙውን ያስቀራል። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሥርዓት ውስጥ ከገባ ወዲህ ደረጃ በደረጃ በየስልኩ ደርሷል፤ ዛሬ የአማርኛ ኪቦርድ በነፃ ይገኛል። ቢሆንም እዚያም መጠንቀቅ ያሻል። «መድኃኒት»፣ «መድሃኒት»፣ «መድሐኒት» ሦስቱም በየጽሑፉ ይገኛሉ፤ ማሽኑ አንዱን ትክክል አድርጎ ሌላውን ቢያሰምርበት አይደንግጡ። ከዚህ የሚያሳስበው ሌላ ነው። በቋንቋችን የቃሉን ትርጉም የምትገለብጠው ከፊት የምትገባ አንዲት ፊደል ናት። «ይውሰዱ» እና «አይውሰዱ» የሚለያዩት በአንዲት «አ» ነው። በጥቆማ መስመር ላይ ጎን ለጎን ቢቀመጡና ጣት ቢስት ትእዛዙ ተገልብጦ ይደርሳል። «ከምግብ» ብለው እንደጻፉ «በፊት» ወይም «በኋላ» የሚል ቢመጣልዎና የማይፈልጉትን ቢነኩም እንደዚያው ነው። ለእነዚህ ስህተቶች ቀይ መስመር አይወጣም፤ ሁለቱም ትክክለኛ አማርኛ ናቸውና።

የመድኃኒት ስምና የጥቂት ፊደላት ጉዳይ

የመድኃኒት ስሞች ብዙዎቹ ይመሳሰላሉ። ሜትፎርሚን ለስኳር ሕመም ይሰጣል፤ ሜትሮኒዳዞል ደግሞ ለአሜባ፣ ለጃርዲያና ለአንዳንድ የባክቴሪያ ሕመሞች። ሃይድራላዚን ለደም ግፊት ነው፤ ሃይድሮክሲዚን ለአለርጂ ማሳከክ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ፊደላት ብቻ ጽፎ ማሽኑ ያቀረበለትን የነካ ሰው የማይገናኙ መድኃኒቶችን ሊያለዋውጥ ይችላል።

ይህ በተግባር ምን እንደሚያስከትል ዓለም ያየው እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካ ናሽቪል ከተማ ነው። አንዲት ነርስ ታካሚን ለማረጋጋት የታዘዘውን መድኃኒት ፍለጋ በመድኃኒት ማደያ ማሽን ላይ የንግድ ስሙን የመጀመሪያ ሁለት ፊደላት ጻፈች። ማሽኑ ይፈልግ የነበረው በሳይንሳዊ ስም ነበርና የታዘዘውን አላገኘችም። የማሽኑን መከላከያ አልፋ በእነዚያው ሁለት ፊደላት የሚጀምር ሌላ መድኃኒት ወሰደች። የወሰደችው ጡንቻን ሽባ የሚያደርግ ነበር፤ ታካሚዋ ሞተች። ነርሷም እ.ኤ.አ. በ2022 በፍርድ ቤት ጥፋተኛ ተባለች። በጉዳዩ ውስጥ ያልታዩ ማስጠንቀቂያዎችና ሌሎች ክፍተቶችም ነበሩ። ሰንሰለቱ የጀመረው ግን ከሁለት ፊደላት ነው። ለዚህም ነው በመስኩ ያሉ ባለሙያዎች ቢያንስ አምስት ፊደላት ሳይጻፉ የመድኃኒት ስም እንዳይመረጥ የሚመክሩት።

የዓለም የጤና ድርጅትም በዚያው በ2017 «ጉዳት የሌለበት መድኃኒት» የሚል ዓለም አቀፍ ዘመቻ ጀምሯል። ግቡ ሊወገድ የሚችልን ከባድ የመድኃኒት ጉዳት በ5 ዓመት ውስጥ በግማሽ መቀነስ ነበር።

ስህተቱ የተማረውን አይለይም። የሰው ዘረ መል ተመራማሪዎች ለዓመታት አንዳንድ ዘረ መሎችን የሚጠሩበት አጭር ስም «ማርች 1» እና «ሴፕት 1» ይባል ነበር። የኤክሴል ሠንጠረዥ እነዚህን የቀን ስም እያደረገ ወደ «1 ማርች» እና «1 ሴፕቴምበር» ይለውጣቸዋል። ችግሩ አልወገድ ሲል ስሞቹን የሚያወጣው ዓለም አቀፍ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2020 የዘረ መሎቹን ስም ራሱ ለመቀየር ተገዷል። ሳይንቲስቶቹ ለማሽኑ ስም ቀየሩለት። እኔና እርስዎ ግን ቀላል መንገድ አለን፤ ማሽኑን ዝም ማሰኘት።

እንዴት ይጠፋል?

የሚከተለው ከአምስት ደቂቃ በላይ አይወስድም። የምርጫዎቹ ስም እንደ ስልኩ ዓይነትና ዕድሜ ጥቂት ሊለያይ ይችላል። ካቃተዎት ስልኩን ለልጅዎ ወይም ለጥገና ባለሙያ ሰጥተው ይህን ጽሑፍ ያሳዩት።

የጉግል ኪቦርድ ባላቸው አንድሮይድ ስልኮች፦ መጻፊያውን ይክፈቱና የጥርስ መንኰራኩር የምትመስለውን የሴቲንግ ምልክት ይንኩ። ከዚያ «ቴክስት ኮሬክሽን» የሚለውን ይግቡ። «ኦቶ ኮሬክሽን» የሚለውን ያጥፉ፤ ራስ አራሚው ይቆማል። ጥቆማዎቹም የሚረብሹዎት ከሆነ «ሰጀሽን» የሚል ቃል ያለባቸውን ምርጫዎች ያጥፉ።

በሳምሰንግ ስልኮች፦ ሴቲንግ፣ ቀጥሎ «ጀነራል ማኔጅመንት»፣ ቀጥሎ «ሳምሰንግ ኪቦርድ ሴቲንግስ» ይግቡና «ፕሬዲክቲቭ ቴክስት» የሚለውን ያጥፉ።

በአይፎን፦ ሴቲንግ፣ ቀጥሎ «ጀነራል»፣ ቀጥሎ «ኪቦርድ» ይግቡ። «ኦቶ ኮሬክሽን» እና «ፕሬዲክቲቭ ቴክስት» የሚሉትን ያጥፉ። በአዳዲሶቹ ስልኮች ላይ በደብዛዛ ቀለም ቀድሞ የሚጽፈውን ለማስቆም «ኢንላይን» የሚል ቃል ያለበትን ምርጫም ያጥፉ።

በማይክሮሶፍት ወርድ፦ «ፋይል»፣ «ኦፕሽንስ»፣ «ፕሩፊንግ»፣ ከዚያ «ኦቶ ኮሬክት ኦፕሽንስ» ይግቡ። «ሪፕሌስ ቴክስት አዝ ዩ ታይፕ» ከሚለው ፊት ያለውን ምልክት ያንሱ። አማርኛ ሲጽፉ ገጹ ሁሉ በቀይ መስመር ከተሞላ ደግሞ ጽሑፉን መርጠው «ሪቪው»፣ «ላንጉጅ»፣ «ሴት ፕሩፊንግ ላንጉጅ» ይግቡና ሆሄያትን እንዳያርም የሚያዘውን ሣጥን ምልክት ያድርጉበት።

በጉግል ዶክስ፦ «ቱልስ» ውስጥ «ፕሪፈረንስስ» የሚለውን ይክፈቱ፤ ማረሚያዎቹና ቀድሞ የሚጽፈው እዚያ ይጠፋሉ። ሊብሬ ኦፊስ የሚጠቀሙ ከሆነ «ቱልስ»፣ «ኦቶ ኮሬክት ኦፕሽንስ»፣ «ወርድ ኮምፕሊሽን» ይግቡና ምልክቱን ያንሱ።

ሁሉንም ማጥፋት ካልፈለጉ መካከለኛ መንገድ አለ። ራስ አራሚውን ብቻ አጥፍተው ቀይ መስመሩን ይተዉት። ማሽኑ ይጠይቅዎታል እንጂ አይወስንብዎትም።

ማን ባያጠፋው ይሻላል?

ሐኪም አንድን መድኃኒት ለሁሉም አያዝም፤ ይህም ምክር ለሁሉም አይደለም። ቃል የመገመት ቴክኖሎጂ እጃቸውን እንደ ልብ ማንቀሳቀስ ለማይችሉ ሰዎች ከስማርት ስልክ ዘመን በፊት ጀምሮ ሲያገለግል ቆይቷል። ዛሬም ፓርኪንሰን ወይም ሌላ የእጅ መንቀጥቀጥ ላለበት፣ ስትሮክ አንድ እጁን ላደከመበት፣ ፊደል ለሚቀያየርበት የማንበብና የመጻፍ ችግር ላለበት ሰው ትልቅ ድጋፍ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ቤትዎ ካለ «ሐኪሙ አጥፉ ብሏል» ብለው አይከልክሉት። ይልቁንም በሚጽፍበት ቋንቋ ኪቦርዱን ይሙሉለት፤ ደጋግሞ የሚጽፋቸውን ቃላትና የመድኃኒቶቹን ስም በኪቦርዱ መዝገበ ቃላት ውስጥ ያስገቡለት።

በተቃራኒው ትኩረታቸው ቶሎ የሚበተን ሰዎች፣ የሚጨነቁና እንቅልፍ የሚያጡ፣ በሥራቸው ብዙ የሚጽፉ ጸሐፊዎች፣ መምህራንና ተማሪዎች ለአንድ ሳምንት አጥፍተው ቢሞክሩ ምን እንደሚሰማቸው ያዩታል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት እጅ ይዘገያል፣ ስህተትም ይበዛል። ካልተስማማዎት መልሶ መክፈት ይቻላል።

ገና ሆሄ የሚለዩ ሕፃናትን በሚመለከት ምክሬ አጭር ነው። ድርሰታቸውን በመጀመሪያ በእርሳስና በወረቀት ይጻፉ።

የጤና መልእክት ሲጽፉ

ራስ አራሚውን ቢያጠፉም ባያጠፉም ስለ መድኃኒት ሲጽፉ እነዚህን ይያዙ።

አንደኛ፣ ከተቻለ የመድኃኒቱን ማሸጊያ ፎቶ አንስተው ይላኩ። ስሙ፣ መጠኑና ጊዜው የሚያልፍበት ቀን በግልጽ ይታይ። ፎቶን የሚያርም ስልክ የለም።

ሁለተኛ፣ መጠኑን በቁጥርም በፊደልም ይጻፉ። «½» ብቻ ሳይሆን «ግማሽ፣ ማለትም አንዱ ኪኒን ለሁለት ተከፍሎ» ይበሉ። አንዱ ቢበላሽ ሌላው ያድነዋል።

ሦስተኛ፣ «5.0» ብለው አይጻፉ፤ ነጥቧ ከጠፋች 50 ይሆናል። «5» ይበቃል። ከአንድ በታች ሲሆን ደግሞ ከነጥቡ በፊት ዜሮ ያስገቡ፤ «.5» ሳይሆን «0.5» ይሁን። ሚሊግራምን አያሳጥሩ፤ ሙሉውን ይጻፉት።

አራተኛ፣ አማርኛን በአማርኛ ፊደል፣ ኦሮምኛን በኦሮምኛ ኪቦርድ ይጻፉ።

አምስተኛ፣ ከመላክዎ በፊት መልእክቱን ድምፅዎን አውጥተው አንድ ጊዜ ያንብቡት። ዓይን ይገባኛል ብሎ የሚዘልለውን ጆሮ ይይዘዋል። ስህተት ካገኙ በኋላ ደግሞ የላኩትን ማረም ብቻ አይበቃም፤ ሰውየው ቀድሞ አንብቦት ሊሆን ይችላልና ይደውሉ።

ስድስተኛ፣ ተቀባይ ከሆኑ ያልገባዎትን ቃል አይዝለሉ። «ይህ ቃል ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ሐኪምዎም ሊቆጣ አይገባውም። የገባዎትን በራስዎ ቃል መልሰው ይንገሩት፦ «እንግዲህ ጠዋት ግማሽ ብቻ ልውሰድ ማለት ነው?» ያ የቅመም ሻጯ የልጅ ልጅ እንዲህ ብሎ ቢመልስልኝ ኖሮ፣ ወይም እኔ እንዲመልስልኝ ብጠይቀው ኖሮ፣ ነገሩ በዚያው ማታ ያልቅ ነበር።

ሰባተኛ፣ በአጭር መልእክት ብቻ ተመርተው አዲስ መድኃኒት አይጀምሩ፤ የሚወስዱትንም አያቋርጡ። በድምፅ ወይም በአካል ያረጋግጡ።

የደም ስኳር ሲወርድ

ታሪኩን በስኳር ሕመም ስለጀመርኩ ይህን ሳልነግርዎ ብደመድም ቅር ይለኛል። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ድንገት ካላበው፣ ከተንቀጠቀጠ፣ ከራበው፣ ልቡ ከመታ፣ ግራ ከተጋባ ወይም ጠባዩ ከተለወጠ ስኳሩ ወርዶ ሊሆን ይችላል። ነቅቶ መዋጥ የሚችል ከሆነ ከ3 እስከ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ ወይም በሻይ በጥብጠው ወዲያው ያጠጡት። ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻለው ይድገሙት። ሲሻለው ምግብ ይብላ። ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም አያድርጉበት፤ በጎኑ አስተኝተው በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት። ግሊቤንክላማይድንና መሰሎቹን የሚወስድ ሰው ቢሻለውም መታየት አለበት፤ መድኃኒቱ ሰውነት ውስጥ ስለሚቆይ ስኳሩ ከሰዓታት በኋላ እንደገና ሊወርድ ይችላል።

እኚያ እናት አሁን ደህና ናቸው፤ መድኃኒታቸውም ተለውጧል። ባለፈው ሰሞን ጊደር መጋላ ስደርስ ከመደባቸው አገኘኋቸው። «ዶክተር፣ ስልክህ አሁንስ ጨዋ ሆነ?» ብለው ሳቁብኝ። የልጅ ልጃቸውም አጠገባቸው ነበር። ማሽኑን ማጥፋቴን ነገርኳቸው። እርሳቸው ግን በዚያ አልረኩም። «ማጥፋቱንስ አጥፋው፤ ብቻ ሳታነብ አትላክ» አሉኝ።

እኔም ለእርስዎ የምለው ይህንኑ ነው። ዛሬ ማታ አምስት ደቂቃ ወስደው ስልክዎን ያስተካክሉ፤ ከመላክዎ በፊትም ያንብቡ። ጤና ይብዛልዎ።